በሁለት መዝገብ የሰፈረ ፎልደር፦ ኢሜይል ስለሚቀበሉ የጋራ ፎልደሮች ጥገና የቀረበ ምልልስ

የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨር በ1996 እ.ኤ.አ. በ4.0 እትም ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ፐብሊክ ፎልደር የሚባል ክፍል አለው። ፐብሊክ ፎልደር ማለት የአንድ ሰው ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ የሆነ፣ ፈቃድ የተሰጣቸው ሠራተኞች ሁሉ በአውትሉክ ከፍተው የሚያነቡትና የሚጽፉበት የጋራ ማኅደር ነው። ይህ ማኅደር የራሱ የኢሜይል አድራሻ ሲሰጠው ከውስጥም ከውጭም የሚላክለትን ደብዳቤ እንደ ማንኛውም ተቀባይ ይቀበላል፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የደንበኞች ቅሬታ፣ የትእዛዝ ሰነድና የፋክስ ቅጂ ሲጠራቀም የኖረውም በዚህ መልክ ነው። ቀጥሎ ያለው ምልልስ እንዲህ ያለው ፎልደር ደብዳቤ መቀበል ሲያቆም መንሥኤው የት እንደሚፈለግና ጥገናው በምን ቅደም ተከተል እንደሚካሄድ፣ የሰርቨር አስተዳደር የሚያስተምር መምህርና ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች ተማሪ እንደሚነጋገሩበት ሆኖ የቀረበ ነው።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ኢሜይል የሚቀበል ፎልደር ሥራውን ሲያቆም አብዛኛው አስተዳዳሪ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ በኤክስቼንጅ ማኔጅመንት ሼል፣ ማለትም ሰርቨሩ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚታዘዝበት መስኮት፣ የፎልደሩን ኢሜይል ተቀባይነት ያነሣና ወዲያው መልሶ ይሰጠዋል። ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው፤ ፎልደሩም ብዙውን ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል። ታዲያ ረጅም ምርመራ ምን ያደርጋል?

መምህሩ፦ ፎልደሩ ወደ ሥራው የተመለሰ የሚመስለው አስተዳዳሪው አንድ የሙከራ ደብዳቤ ልኮ መድረሱን ስላየ ነው፤ ከቀናት በኋላ ከሌላ ክፍል የሚመጣውን ቅሬታ ከዚያ ትእዛዝ ጋር የሚያያይዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ እንዲገባሽ አስቀድሞ ፎልደሩ የት የት እንደተመዘገበ ማየት ያስፈልጋል። ፎልደሩ ራሱ፣ ማለትም ስሙ፣ በፎልደሮች ዛፍ ላይ ያለው ቦታ፣ የፈቃድ ዝርዝሩና የያዛቸው ደብዳቤዎች፣ የሚቀመጠው በኤክስቼንጅ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው፤ አድራሻው ግን እዚያ አይገኝም። የአድራሻው ቦታ የመሥሪያ ቤቱ ተጠቃሚዎች፣ ቡድኖችና ኮምፒውተሮች ሁሉ የተመዘገቡበት ማውጫ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው፤ ፎልደሩ ኢሜይል እንዲቀበል ሲፈቀድለት በዚያ ማውጫ ውስጥ «ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሲስተም ኦብጀክትስ» በሚባለው መያዣ ሥር አዲስ መዝገብ ይከፈትለታል። ቋቱ ውስጥ ባለው ፎልደር ላይም ሁለት ነገር ይጻፋል፤ አንደኛው ፎልደሩ ኢሜይል ተቀባይ መሆኑን የሚናገር ምልክት ሲሆን፣ ሁለተኛው በማውጫው ውስጥ ያለው መዝገብ የትኛው እንደሆነ የሚጠቁም መለያ ቁጥር ነው።

ተማሪዋ፦ ደብዳቤ ሲመጣ ሰርቨሩ በመጀመሪያ የሚያየው የትኛውን መዝገብ ነው?

መምህሩ፦ ማውጫውን ነው፤ የጥገናው ነገር ሁሉ የሚነሣውም ከዚህ ነው። ደብዳቤ አመላላሹ ክፍል የተቀባዩን አድራሻ ይዞ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ማውጫውን ይጠይቃል፤ መዝገቡ ከተገኘ የተቀባዩን ዓይነትና ይዘቱ ያለበትን ቦታ ካወቀ በኋላ ደብዳቤውን ወደዚያው ይልካል፣ የመረጃ ቋቱም ላኪው ፈቃድ እንዳለውና ቦታ እንዳልሞላ አይቶ ያስቀምጠዋል። መዝገቡ ካልተገኘ ደብዳቤው የቋቱን ደጃፍ ሳይረግጥ «ተቀባዩ አልተገኘም» ከሚል ማስታወቂያ ጋር ለላኪው ይመለሳል፤ ይህ ማስታወቂያ የመልስ ቁጥር የሚይዝ ሲሆን፣ ለጎደለ ተቀባይ የሚሰጠው ቁጥር 5.1.1፣ በአዲሶቹ እትሞች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5.1.10 ነው።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ፎልደሩ በቋቱ ውስጥ አንዳች ሳይጎድልበት ተቀምጦ፣ ለደብዳቤ አመላላሹ ግን እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል።

መምህሩ፦ ይችላል፤ ቤቱ ቆሞ ካርታው እንደጠፋበት ባለንብረት ይሆናል። ሠራተኞች ፎልደሩን በአውትሉክ ይከፍታሉ፣ የቆየውን ደብዳቤ ያነባሉ፣ ንብረቱን ሲጠይቁት ኢሜይል ተቀባይ ነኝ ብሎ ይመልሳል፣ ነገር ግን አዲስ ደብዳቤ አንድም አይገባም። ይህ የሚደርስበት ዋናው ምክንያት ደግሞ የቴክኖሎጂ ብልሽት ሳይሆን የጽዳት ፍላጎት ነው። የተጠቀሰው መያዣ በተለመደው የማውጫ መስኮት ላይ አይታይም፤ «አድቫንስድ ፊቸርስ» የሚለው ምርጫ ሲበራ ብቅ ይላል። አስተዳዳሪው በሌላ ጉዳይ ምርጫውን አብርቶ፣ ማንም የማያስታውሳቸውን ስሞች ተደርድረው ሲያይ ከጥንት የቀሩ ትርፍራፊዎች ናቸው ብሎ ይሰርዛቸዋል፤ ቋቱ ስለ ስረዛው የሚነግረው ስለሌለ ምልክቱንና መለያ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል። በእርግጥ ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይደለም፤ በ5.5 እትም ዘመን እያንዳንዱ ፐብሊክ ፎልደር በማውጫ ውስጥ የራሱ መዝገብ ስለነበረው፣ ከዚያ ጀምሮ እያሻሻሉ በመጡ ድርጅቶች ውስጥ ፎልደሩ ከጠፋ ብዙ ዓመት የሆነው መዝገብ ማግኘት የተለመደ ነው።

ተማሪዋ፦ ያ ደግሞ ተቃራኒው ሕመም ነው፤ መዝገቡ አለ፣ ፎልደሩ የለም።

መምህሩ፦ አዎን፣ ወላጅ አልባ መዝገብ ይሉታል። ከእነዚህ ሌላ አንድ ፎልደር በማውጫው ውስጥ ሁለት መዝገብ ይዞ የሚገኝበት፣ እንዲሁም መዝገቡ እያለ ቋቱ ፎልደሩን ኢሜይል ተቀባይ አይደለም የሚልበት ሁኔታ አለ። ማይክሮሶፍት እነዚህን አለመግባባቶች ሁሉ እየተመለከተ የሚዘረዝርና ለእያንዳንዱ ማስተካከያ የሚጠቁም የማረጋገጫ ስክሪፕት አዘጋጅቷል፤ ስክሪፕቱ ይበልጥ የሚታወቀው ፎልደሮችን ወደ አዲስ እትም ወይም ወደ ክላውድ ለማዛወር በሚደረግ ዝግጅት ቢሆንም፣ ማዛወር ለማያስበው ድርጅት እንኳ ጥሩ የምርመራ መሣሪያ ነው። ስክሪፕቱ ሁለቱ መዝገቦች አለመስማማታቸውን ይናገራል እንጂ የትኛው እውነቱን እንደያዘ መፍረድ ግን የአስተዳዳሪው ድርሻ ነው።

ተማሪዋ፦ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻል ይሆን? መዝገቡ ከማውጫው ከጠፋ አዲስ መክፈት እንጂ ሌላ ምን መንገድ አለ?

መምህሩ፦ ሌላ መንገድ አለ፤ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ጀምሮ አክቲቭ ዳይሬክተሪ የራሱ ሪሳይክል ቢን አለው። ይህ አገልግሎት አስቀድሞ በርቶ ከነበረ፣ የተሰረዘው መዝገብ በተለመደው ቅንብር ለ180 ቀናት ያህል ሙሉ ይዘቱ ሳይነካ ይቆያል፤ ሲመለስም መለያ ቁጥሩ ያው የቀድሞው ስለሆነ ቋቱ ውስጥ ካለው ጋር ራሱ ይገጥማል፣ ጥገናው በዚያው ያልቃል። ፎልደሩን አንሥቶ መልሶ መስጠት ግን ይህን ዕድል ከመዝጋቱም በላይ የቀድሞውን የሚመስል ሌላ መዝገብ ይፈጥራል። አዲሱ መዝገብ አድራሻውን የሚያገኘው ከኢሜይል አድራሻ ፖሊሲ ነው፤ ፖሊሲ ማለት አድራሻ በምን ቅርጽ እንዲበጅ የሚደነግግ የድርጅቱ ደንብ ነው። በዚህ ምክንያት በእጅ የተጨመሩ ተለዋጭ አድራሻዎች ሁሉ አይመለሱም፤ ፎልደሩ አባል የነበረባቸው የስርጭት ቡድኖች አያውቁትም፤ በፎልደሩ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሠራተኞች ፈቃዳቸውን ያጣሉ። የእነዚህ ሁሉ ጉዳት ቶሎ ይታያል። ቶሎ የማይታየው የውስጥ ስሙ መለወጥ ነው።

ተማሪዋ፦ የውስጥ ስም የተባለው ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ኤክስቼንጅ ለእያንዳንዱ ተቀባይ በነጥብና በአት ምልክት ከሚጻፈው የተለመደ አድራሻ ሌላ፣ ሌጋሲ ኤክስቼንጅ ዲ ኤን የተባለ፣ የድርጅቱን ስም፣ ሰርቨሮቹ የሚመደቡበትን የአስተዳደር ቡድንና የተቀባዩን ስም በእዝባር እያያያዘ የሚሄድ ረጅም ስም ይሰጠዋል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ሲጻጻፉ ደብዳቤው ላይ የሚታተመው ይህ ስም ነው፤ አውትሉክም የተቀባይ ስም ሲጻፍ ቀድሞ እያሟላ የሚያቀርበውን ዝርዝር የሚያስታውሰው በዚሁ ነው። መዝገቡ ተሰርዞ አዲስ ሲከፈት አዲስ የውስጥ ስም ይሰጣል፤ ስለዚህ ከውጭ የሚጽፍ ደንበኛ ደብዳቤው ይደርሳል፣ ለዓመታት ለፎልደሩ ሲጽፍ የኖረው የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ግን የቆየ ደብዳቤ ከፍቶ «መልስ» ሲል፣ ወይም ስሙን ከተሟላው ዝርዝር ሲመርጥ፣ ደብዳቤው ይመለስበታል። አስተዳዳሪው በበኩሉ ከራሱ ሳጥን ስሙን ከአድራሻ ዝርዝሩ አዲስ መርጦ ይልካል፣ ይደርሳል፤ ሠራተኛውም የተሳሳተ ይመስላል።

ተማሪዋ፦ መዝገቡ ከጠፋ፣ ሪሳይክል ቢኑም ካልበራ፣ የቀድሞውን የውስጥ ስም ከየት ማግኘት ይቻላል?

መምህሩ፦ ከተመለሰው ደብዳቤ። የተመላሽ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ለአስተዳዳሪዎች ተብሎ የሚጻፈው ክፍል ሲታይ፣ «አይ ኤም ሲ ኢ ኤ ኢ ኤክስ» በሚሉ ፊደላት የሚጀምር፣ ተራ ሰው እንደ ፍርስራሽ ጽሑፍ የሚያልፈው ረጅም አድራሻ ይገኛል፤ ይህ የውስጥ ስሙ በኢንተርኔት አድራሻ ቅርጽ ተጠቅልሎ የተጻፈበት ነው። ጥቅሉን መፍታት አስቸጋሪ አይደለም፤ መነሻው ላይ ያሉት ፊደላት ከሚከተላቸው ሰረዝ ጋር ይወገዳሉ፣ ከአት ምልክቱ በኋላ ያለው ይቆረጣል፣ የግርጌ ሰረዝ የተጻፈበት ሁሉ ወደ እዝባር ይለወጣል፣ የመደመር ምልክት ከ20 ጋር የሆነበት ባዶ ቦታ፣ ከ28 ጋር የሆነበት የሚከፍት ቅንፍ፣ ከ29 ጋር የሆነበት የሚዘጋ ቅንፍ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ እነዚህ ምልክቶች በኮምፒውተር የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ያላቸው ቁጥር በአሥራ ስድስት መሠረት ሲጻፍ ነው። ከዚህ የወጣው ስም በአዲሱ መዝገብ ላይ «ኤክስ 500» የሚባለው ዓይነት ተጨማሪ አድራሻ ሆኖ ሲገባ፣ በቀድሞው ስም የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ወደ አዲሱ መዝገብ ይደርሳል። አንድ ፊደል ብትዛባ አይሠራም፤ ስለዚህ በእጅ ከመጻፍ ገልብጦ መለጠፍ ይሻላል።

ተማሪዋ፦ እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ማቅረብ ይገባል። እርስዎ የገለጹት ሁሉ የሚያስረዳው መጀመሪያ የመዝገቡን ዝርዝር ወደ ፋይል ማውጣት እንደሚገባ ነው እንጂ፣ አንሥቶ መልሶ መስጠቱ ስሕተት መሆኑን አይደለም። ዝርዝሩን አስቀድሞ ያወጣ ሰው ትእዛዙን ቢጠቀም ምን ይጎዳል?

መምህሩ፦ ቅሬታው ተገቢ ነው፤ አድራሻዎቹን፣ የውስጥ ስሙን፣ የቡድን አባልነቱንና ፈቃዶቹን በፋይል ያስቀመጠ ሰው የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን ትእዛዙ የሚያድነው አንዱን የሕመም ዓይነት ብቻ መሆኑ መታወስ አለበት። መንሥኤው ፈቃድ ከሆነ፣ ወይም የቦታ መሙላት፣ ወይም ሌላ ተቀባይ ያንኑ አድራሻ ይዞ መገኘት ከሆነ፣ መዝገቡን አፍርሶ መሥራት ምንም አይለውጥም፤ በጤናማው ላይ ቁስል ይጨምራል እንጂ። ስለዚህ ከማንኛውም ትእዛዝ በፊት የሚጠየቀው «ደብዳቤው የተመለሰበት ማን ነው?» የሚለው ነው። የውስጥ ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ በተለይም የቆዩ ሠራተኞች፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ውስጥ ስሙ ነው። የውጭ ሰዎች ብቻ ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው።

ተማሪዋ፦ የውጭ ሰዎች ደብዳቤ ለብቻው የሚመለሰው በምን ምክንያት ነው?

መምህሩ፦ በሁለት በኩል ሊሆን ይችላል። አንደኛው በማውጫው መዝገብ ላይ ያለ፣ ማንነቱ የተረጋገጠ ላኪ ብቻ እንዲጽፍ የሚያዝ ቅንብር ነው፤ ይህ ሲበራ ከኢንተርኔት የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በ5.7.1 ቁጥር፣ ማረጋገጫ ያስፈልጋል ከሚል ቃል ጋር ይመለሳል። ሁለተኛው በቋቱ ውስጥ ባለው ፎልደር ላይ ነው። ፎልደሩ ከተለመደው የሠራተኞች ፈቃድ በተጨማሪ «አኖኒመስ» የሚባል፣ ሰርቨሩ ማንነቱን ለማያውቀው ሰው ሁሉ የሚቆጠር ተጠቃሚ አለው፤ ለዚህ ተጠቃሚ አዲስ ነገር የመጨመር ፈቃድ ካልተሰጠው ማውጫው አድራሻውን ቢያውቀውም ቋቱ ደብዳቤውን አይቀበልም። ሁለቱ ቅንብሮች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስለሚገኙ፣ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት የዘወትር ነገር ነው።

ተማሪዋ፦ ማንነቱ ለማይታወቅ ሰው በድርጅቱ ፎልደር ላይ ፈቃድ መስጠት ያስፈራል።

መምህሩ፦ የሚሰጠው የመጨመር ፈቃድ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ፎልደሩን ማየትም፣ በውስጡ ያለውን ማንበብም፣ መሰረዝም አይችልም። የሚያስፈራው ይልቅ ፈቃዱ ሳያስፈልግ ከላይ ባለው ፎልደር ላይ መሰጠቱ ነው፤ አዲስ ፎልደር ሲፈጠር የወላጁን ፈቃድ ቀድቶ ስለሚወጣ፣ ከላይ የተፈቀደው ከዚያ በኋላ ለሚወለዱት ሁሉ ይተርፋል። ከዚህ በተቃራኒ በወላጁ ላይ ዛሬ የተደረገ ለውጥ ቀድመው ወደ ተፈጠሩት ልጆች በራሱ አይወርድም፤ «ከላይ ፈቅጃለሁ፣ ከታች ለምን አይሠራም?» የሚለው ተደጋጋሚ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ተማሪዋ፦ ከውስጥም ከውጭም አንድም ደብዳቤ የማይገባ ሲሆንስ?

መምህሩ፦ ያን ጊዜ የመልስ ቁጥሩ ያስረዳል። 5.2.2 ቦታ መሙላቱን ይናገራል፤ ፎልደሩ ራሱ የተወሰነለትን ጣሪያ አልፎ ወይም ፎልደሩን የያዘው ሳጥን ሞልቶ ሊሆን ይችላል። 5.1.4 ደግሞ ያው አድራሻ በሁለት መዝገብ ላይ መገኘቱን ይናገራል፤ ሰርቨሩ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ስለማይችል ደብዳቤውን ይመልሰዋል። ቁጥር የሌለው፣ ማስታወቂያም ሳይመጣ በወረፋ ላይ የቆመ ደብዳቤ ከሆነ፣ የአመላላሹን ወረፋና የመልእክት መከታተያ መዝገቡን ከፍቶ የመጨረሻውን እርምጃ መፈለግ ያስፈልጋል። ከዚህ በተረፈ እትሙ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ መፈለግ አይቻልም፤ ከ2013 እትም በፊትና በኋላ ፐብሊክ ፎልደር ሁለት የተለያየ ነገር ነውና።

ተማሪዋ፦ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

መምህሩ፦ እስከ 2010 እትም ድረስ ፎልደሮቹ የራሳቸው የመረጃ ቋት ነበራቸው፤ ቋቱ በበርካታ ሰርቨሮች ላይ ቅጂ ሊኖረው ይችላል፣ በእያንዳንዱም ቅጂ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ ቅጂዎቹም ለውጣቸውን የሚለዋወጡት በኢሜይል ነበር። እዚህ ላይ ልብ በዪ፤ ሰርቨሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፣ የደብዳቤ መንገዱ ሲዘጋ የፎልደሮቹ ቅጂም አብሮ ይዘጋ ነበር። በ2013 ይህ ሁሉ ቀረ፤ ፎልደሮቹ ወደ ልዩ የመልእክት ሳጥኖች ገቡ፣ የዛፉ የሚጻፍበት ቅጂ አንድ ብቻ ሆኖ በዋናው ሳጥን ተቀመጠ፣ ሌሎቹ ሳጥኖች የሚነበብ ቅጂ ብቻ ያዙ። በአዲሱ አሠራር ጥገና የሚያደርግ ሰው ስለዚህ መታገሥ አለበት፤ ለውጡ በዋናው ሳጥን ላይ ተጽፎ ወደ ሌሎቹ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ በማውጫውም በኩል ከአንድ ዶሜን ኮንትሮለር፣ ማለትም ማውጫውን ከያዘ ሰርቨር፣ ወደ ሌላው እንዲሁ ነው። አላግባብ የቸኮለ ሰው የሠራው ጥገና ሳይታይለት ሁለተኛ ጥገና ይደርብበታል።

ተማሪዋ፦ በቀድሞው አሠራር የደብዳቤ መንገዱ የሚዘጋበት የታወቀ ምሳሌ አለ?

መምህሩ፦ አለ፤ ለማመን የሚያስቸግርም ነው። ከ2003 ወደ 2010 የተሻገሩ ድርጅቶች የመጨረሻውን የ2003 ሰርቨር በሥርዓቱ ካስወገዱ በኋላ የፎልደሮች ቅጂ መለዋወጥ ያቆምባቸው ነበር፤ በሰርቨሩ የክስተት መዝገብ ላይም በ1020 ቁጥር፣ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ተጠቃሚ አልተገኘም የሚል የስሕተት መልእክት ይወጣል። አስተዳዳሪው የጠፋውን ተጠቃሚ ሲፈልግ ይውላል፤ የጠፋ ተጠቃሚ ግን የለም። መንሥኤው በማውጫው የቅንብር ክፍል፣ በአሮጌው የአስተዳደር ቡድን ሥር፣ «ሰርቨርስ» የተባለ ባዶ መያዣ መቅረቱ ነው፤ የአመላላሹ ክፍል ወደዚያ ገብቶ በውስጡ ሰርቨር ሲያጣ ሥራውን ያቋርጣል። መድኃኒቱ ባዶውን መያዣ በ«ኤ ዲ ኤስ አይ ኤዲት» መሰረዝ ሲሆን፣ ይህም የማውጫውን ጥሬ መዝገብ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የሚሰረዘው መያዣው ብቻ ነው፤ የአስተዳደር ቡድኑ መነካት የለበትም፣ የቆዩ ተጠቃሚዎች ሁሉ የውስጥ ስም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ ነውና።

ተማሪዋ፦ በአዲሶቹ እትሞች ያለው የአስተዳደር ቡድን ስሙ ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነው፤ እርሱንም በስሕተት የመጣ መስሎት የሚሰርዝ አይጠፋም።

መምህሩ፦ «ኤፍ ዋይ ዲ አይ ቢ ኦ ኤች ኤፍ 23 ኤስ ፒ ዲ ኤል ቲ» የሚለው ነው። እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲመልሱት «ኤክስቼንጅ 12 ሮክስ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል፤ 12 የ2007 እትም የውስጥ ቁጥር ሲሆን፣ የቀረው የሠሪዎቹ ቀልድ ነው። ቀልዱ በእያንዳንዱ ድርጅት ማውጫ ውስጥ፣ በብዙ ተመላሽ ደብዳቤዎች ግርጌ እስከ ዛሬ ይታተማል፤ አስተዳዳሪዎችን ያለ ምክንያት ማስደንገጡ ግን ብዙም አያስቅም።

ተማሪዋ፦ ድርጅቱ ግማሽ ሥራውን ወደ ክላውድ ካዛወረ፣ ፎልደሮቹም በቢሮው ሰርቨር ላይ ከቀሩ ነገሩ ይለወጣል?

መምህሩ፦ ሦስተኛ መዝገብ ይጨመራል። ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ በቅድሚያ የሚገባው በክላውዱ በኩል ከሆነ፣ ክላውዱ የማያውቀውን አድራሻ በሩ ላይ በ5.4.1 ቁጥር ይመልሰዋል፤ ስለዚህ የፎልደሮቹ አድራሻ የቢሮውን ማውጫ ከክላውዱ ማውጫ ጋር በሚያመሳስለው ፕሮግራም አማካይነት ወደዚያ መሄድ አለበት። ይህ ግን በሩን ብቻ ነው የሚከፍተው፤ የክላውዱ ኤክስቼንጅ ደብዳቤውን ወደ ቢሮው ሰርቨር እንዲመልስ ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀውን ሌላ ስክሪፕት ማስኬድ፣ አዲስ ፎልደር በተጨመረ ቁጥርም መድገም ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን አድርጎ ሁለተኛውን የተወ አስተዳዳሪ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ፎልደሩን ትቶ ሼርድ ሜይልቦክስ ቢያቋቁም ምን ይጎድለዋል? ሼርድ ሜይልቦክስ ብዙ ሰው የሚከፍተው የመልእክት ሳጥን ነው፤ ፎልደር የሚያሳየው ያ ሁሉ መነጣጠል እርሱ ዘንድ የለም።

መምህሩ፦ አንድ አድራሻና ጥቂት ሠራተኞች ላሉት ሥራ ምርጫው ትክክል ነው፤ ዛሬ አዲስ የሚጀምር ድርጅት በፐብሊክ ፎልደር እንዲጀምር መምከር ያስቸግራል። የቆየው ድርጅት ግን የያዘው አንድ ፎልደር ሳይሆን ዛፍ ነው፤ እያንዳንዱ ደንበኛ ወይም እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ቅርንጫፍና የራሱ ፈቃድ ያለው፣ ከቅርንጫፎቹም ጥቂቶቹ ብቻ አድራሻ ያላቸው ዛፍ። ያን በሳጥኖች መተካት የአሠራር ለውጥ እንጂ የጥገና ሥራ አይደለም። ለዚህም ይመስላል፣ ማይክሮሶፍት በ2007 እትም ዘመን የፎልደሮቹን ቦታ ዝቅ አድርጎ ከተናገረ በኋላ በ2013 በአዲስ መልክ የሠራቸው፣ የ2016 እና የ2019 እትሞች ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ በተካቸው እትም ውስጥም ያቆያቸው።

ተማሪዋ፦ የፎልደሩን ስም በአማርኛ መጻፍ ችግር ያመጣል?

መምህሩ፦ ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ አድራሻው ግን በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ከስሙ ተነሥቶ እንዲያበጅ ከመተው አስተዳዳሪው ራሱ ቢወስነው ይመረጣል። በቅጽል ስሙ ላይም፣ ማለትም አድራሻው በሚመነጭበት አጭር ስም ላይ፣ ባዶ ቦታ መግባት የለበትም፤ የ2003 እትም ይህን ይታገሥ ስለነበር፣ ከዚያ የመጡ ፎልደሮች በኋለኞቹ እትሞች መዝገባቸው ተበላሽቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጡ ነበር፤ ቅጽል ስሙን ማስተካከል ብቻ ይበቃቸዋል።

ተማሪዋ፦ ጥገናው ሲያልቅ ሙከራው እንዴት ይደረጋል?

መምህሩ፦ አንድ ደብዳቤ ከድርጅቱ ውጭ ካለ ሳጥን ይላካል፤ ይህ የአኖኒመስን ፈቃድና የማረጋገጫውን ቅንብር ይፈትናል። ሁለተኛው ከውስጥ፣ ስሙ ከአድራሻ ዝርዝሩ አዲስ ተመርጦ ይላካል፤ ይህ አዲሱን መዝገብ ይፈትናል። ሦስተኛው ከጥገናው በፊት የነበረ የቆየ ደብዳቤ ከፍቶ መልስ መስጠት ነው፤ ይህ ደግሞ የውስጥ ስሙን ይፈትናል። ብዙዎች የሚያቆሙት ሁለተኛው ላይ ነው። ደብዳቤው መድረሱ የሚታየውም በተመላሽ ማስታወቂያ አለመምጣት ሳይሆን ፎልደሩን ከፍቶ በማየት ነው።

ተማሪዋ፦ ያ የኤክስ 500 አድራሻ እስከ መቼ ይቆያል? ድርጅቱ አንድ ቀን ፎልደሩን በሳጥን ቢተካውስ?

መምህሩ፦ መቆየቱ ምንም ስለማይጎዳ የሚነሣበት ቀን መወሰን አያስፈልገውም፤ አሥር ዓመት የቆየ ደብዳቤ ከፍቶ መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ አይታጣም። ፎልደሩ በሳጥን ሲተካ መጀመሪያ የፎልደሩ የውስጥ ስምና አድራሻዎቹ ሁሉ ወደ ፋይል ይወጣሉ፣ ቀጥሎ የፎልደሩ ኢሜይል ተቀባይነት ይነሣል፣ ለውጡ ወደ ዶሜን ኮንትሮለሮቹ ሁሉ መድረሱ ከታየ በኋላ አድራሻዎቹ በሳጥኑ ላይ ይጻፋሉ፣ የፎልደሩ የውስጥ ስምም በኤክስ 500 መልክ ከቀደሙት የኤክስ 500 አድራሻዎች ጋር አብሮ ይጨመራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አድራሻው ለአፍታም ቢሆን በሁለት መዝገብ ላይ ይገኛል፤ በዚያች አፍታ የሚመጣው ደብዳቤም በ5.1.4 ይመለሳል።